ምጣዱ ስንት ዋት ይበላል?

በኢትዮጵያ ከሶኬት የሚወጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። የሚሰካበት ዕቃ ሁሉ እንደ አሠራሩ ፍሰት ይስባል፤ የስልክ ቻርጀር ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ፣ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 16 አምፔር ገደማ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከታወቁ የቀረው የማባዛትና የማካፈል ሥራ ነው። ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ኃይሉ በዋት ይገኛል። ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ደግሞ ሽቦው ለፍሰቱ የሚያሳየው እምቢታ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ በኦም ይወጣል።

የምጣዱ ሒሳብ እንዲህ ነው፦ 220 በ16 ሲባዛ 3520 ዋት፣ 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተጋገረበት ቆጣሪው ላይ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል። ከሸክላው ሥር የተጠመዘዘው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ናይክሮም የሚባል የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ ፍም ቢመስል እንኳ ሬዚስታንሱ የሚጨምረው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ ለስሌት ይመቻል።

ነገሩ የሚከረው ምሽት ላይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ምድጃውን ሲሰካ መስመሩ ይዳከምና 220 የነበረው 180 ቮልት ይሆናል እንበል። የምጣዱ ሽቦ ያው 13.75 ኦም ነው፤ ስለዚህ ፍሰቱ ወደ 13.1 አምፔር፣ ኃይሉ ወደ 2356 ዋት ይወርዳል። ቮልቱ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ ባነሰ ነው፤ ሙቀቱ ግን ሲሶውን አጥቷል። ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ስለሚወርድ ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ምጣዱ አልሰማ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል የሚታማው ሊጡ ነው፤ እርሾውም ከሐሜት አያመልጥም። ቮልቱን የሚለካ ግን እምብዛም አይገኝም።

በቮልት፣ በአምፔርና በሬዚስታንስ መካከል ያለውን ዝምድና በቁጥር ያጸናው የቁልፍ ሠሪ ልጅ የነበረው ጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። በኮሎኝ ሲያስተምር ሙከራውን የጀመረው በጊዜው በነበረው ባትሪ ሲሆን፣ የባትሪው ጉልበት በየደቂቃው እየወረደ አስቸገረው። በኋላ በፊዚክስ ሊቁ በፖገንዶርፍ ምክር የመዳብና የቢስመዝ መጋጠሚያ ሠርቶ አንዱን ጫፍ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አኖረ፤ ከሙቀቱ ልዩነት የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ አገኘ። ፍሰቱን የለካው በክር በተንጠለጠለ መግነጢስ መርፌ ነበር። መጽሐፉ በ1827 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ሲታተም አገሩ ፊት ነሣው። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ የሸለመው በ1841 ነው። እንግሊዛዊው ካቨንዲሽ ይህንኑ ሕግ ከኦም አስርት ዓመታት ቀደም ብሎ ደርሶበት ነበር፤ ሳያሳትመው ስለሞተ ግን ማስታወሻው ለሕዝብ የቀረበው በ1879 ነው። ሳያሳትሙ መቅረት ስም ያስቀራል።

ሬዚስታንስ ያለው የምጣዱ ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ገመድም አለው። ጄምስ ጁል በ1841 እንዳሳየው በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከፍሰቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በኦም ይባዛል። ባለ 0.75 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ኤክስቴንሽን 10 ሜትር ቢረዝም፣ በመሄጃና በመመለሻው 0.46 ኦም ያህል አለው። 16 አምፔር ሲያልፍበት ወደ 118 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ገመዱ ላይ ይቀራል። ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ፕላስቲኩ መቅለጡ አይገርምም። በባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ግን ሙቀቱ 35 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመር የሚያስፈልገው።

ስሌቱ የማያዋጣበት ቦታም አለ። ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ሲበራ 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ግን ቴስተር የሚያሳየው ከዚያ አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። አምፖል ሲለኮስ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፍሪጅና የውኃ ፓምፕ ሞተር ስላላቸው ቮልትን በአምፔር ማባዛት ብቻውን እውነተኛውን ዋት አይሰጥም።

አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ሒሳብ ጋር በየኩሽናቸው ይተዋወቃሉ። እዚያ ተራው ሶኬት 120 ቮልት፣ ብሬከሩ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ስለሆነ ጣሪያው 1800 ዋት ነው። ከአዲስ አበባ የሄደ ባለ 13.75 ኦም ምጣድ እዚያ ቢሰካ የሚያገኘው 1047 ዋት ብቻ ነው። ብዙዎች ታዲያ ሌፍሳ ለሚባለው የኖርዌይ ቂጣ የተሠራውን ክብ መጋገሪያ ለእንጀራ ይገዛሉ።

የተገላቢጦሹ ጉዞ ይብሳል። ለ120 ቮልት የተሠራ ባለ 1500 ዋት የውኃ ማፍያ 9.6 ኦም ነው፤ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ከ5000 ዋት በላይ ልሳብ ይልና ይቃጠላል። ስለዚህ ዕቃው ሻንጣ ከመግባቱ በፊት ጀርባውን ያንብቡ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ በሁለቱም አገር ይሠራል። 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ 1500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከማፍያው በብዙ ይከብዳልና ማፍያውን እዚሁ ኢትዮጵያ መግዛቱ ይሻላል።