ንጹሕ ውሃ ወደ መንደር ሲቀርብ

ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ለገጠሩ ነዋሪ ያስቀመጠው ደረጃ አንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ንጹሕ ውሃ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ስፍራ እንዲያገኝ የሚል ነበር። በዚህ ስሌት ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 150 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሰባት ተኩል ጊዜ ተሞልቶ መምጣት አለበት ማለት ነው። ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅበት ቀበሌ ይህን ማመላለስ ከቶ አይቻልም። ስለዚህ ቤተሰቡ በሁለትና በሦስት ጀሪካን ይብቃቃል። መጠጡና ወጡ ከተነሡ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት በመሆኑ አስቀድሞ የሚቀረው የሕፃናቱ ፊት መታጠብ ነው።

የትራኮማ መዘዝ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይህ በሽታ እጅግ ከተስፋፋባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ የአማራ ክልል ነው። ከታመመ ዓይን በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው ዕድሜው ሲገፋ የዓይኑ ሽፋን ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን እየፋቀ ያሳውረዋል። ሕፃናትን የሚንከባከቡት እናቶች በመሆናቸው ለዕውርነት የሚዳረጉት ሴቶች ይበዛሉ። መድኃኒቱ በዘመቻ ቢታደልም ፊት የሚታጠብበት ውሃ በሌለበት መንደር በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

የውሃው ችግር የሚጸናው በበጋው መጨረሻ ሲሆን ዐቢይ ጾምም በዚሁ ወቅት ይውላል። እናቲቱ እህል ሳትቀምስ ጀሪካኑን አዝላ ዳገቱን ትወጣለች፤ ልጇም ከእርሷ ጋር ስትመላለስ የትምህርት ሰዓቷ ያልፋል። ለቅዳሴ አረፈደች ብለን ከመገሠጻችን በፊት ከየት እንደ መጣች ልንጠይቅ ይገባናል። ቦኖው በአቅራቢያ ሲተከል በመጀመሪያ የሚለወጠው ይህ ሰዓት ነው።

ይሁን እንጂ ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። ስለዚህ ጉድጓዱ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ውሃው በቤተ ሙከራ መመርመሩን ኮሚቴው ይጠይቅ።

ሰበካ ጉባኤያት ከሁሉ ይልቅ ሊያተኩሩበት የሚገባው ግን ከምረቃው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በውስጡ አንዲት ትንሽ የጎማ ዕቃ አለችው፤ እርሷ ስታልቅ እጀታው ይወዛወዛል እንጂ ውሃ አይወጣም። ፓምፑ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው እንዲጠግኑት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ጎማዋም ውድ አይደለችም። ነገር ግን በየወሩ የተዋጣ ገንዘብ ከሌለ መንደሩ በዚህች ጎማ ምክንያት ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሕዝቡ ለእድርና ለሰንበቴ ሳያጓድል እያዋጣ ለውሃው ሲባል የሚቸገረው ብዙ ጊዜ ድህነት ይዞት አይደለም፤ ገንዘቡን ማን እንደ ያዘው ስለማያውቅ ነው። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቢነበብ መተማመን ይፈጠራል። ከቁልፍ ያዦቹም ቢያንስ አንዷ ውሃ ቀጂ ሴት ትሁን፤ ፓምፑ መድከም ሲጀምር ቀድማ የምታውቀው እርሷ ናትና።

በጎለበተ ምንጭ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ከምንጩ በላይ ካለው መሬት ይጀምራል። በዚያ መጸዳጃ አይቆፈር፣ ከብት አይሰማራ። በብዙ አድባራት ቅጥር ያለው ደን ዝናቡ በጎርፍ ከመሄድ ይልቅ ወደ ምድር እንዲሰርግ ይረዳል፤ ከምንጭ በላይ ያለ ዛፍ ለማገዶ ሲጠየቅ ይህ ይታሰብ። አጥሩ ሲሠራ የከብት ማጠጫ ገንዳ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ትራፊው ውሃ ወርዶ የሚጠራቀምበት ገንዳ ከምንጩ ዝቅ ብሎ ካልተሠራ የተጠሙት ከብቶች አጥሩን ጥሰው ይገባሉ፤ እረኛውም አይከለክላቸውም።