ለጡረታ መሬት ሲመርጡ ከማሳው በፊት መኝታዎን ይምረጡ

ጡረታ የወጡና ሊወጡ የተቃረቡ ታካሚዎቼ ከደም ግፊታቸው ቀጥሎ አዘውትረው የሚያነሱልኝ ጉዳይ መሬት ነው። አንዱ ወደ መተማ ሰሊጥ፣ ሌላው ወደ አዋሽ ሽንኩርት፣ በርከት ያሉት ደግሞ ወደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ቡና ያስባሉ። «ዶክተር፣ በረሃ ልወርድ ነው» ይሉኛል። ደገኛ በረሃ ሲል ሁልጊዜ አሸዋ ማለቱ አይደለም። በቤንች ምድር ዝናቡ የማይጥልበት ወር ጥቂት ነው፤ ደኑም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ይሁንና ሙቀትና ንዳድ ያለበት አገር ሁሉ ለደገኛ በረሃ ነው። ስሙ ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ የፍርሃቱ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው።

ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያደረጉኝ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ታሪካቸውን እንድጠቅስ ፈቅደውልኛል። በወጣትነታቸው ሚዛን ተፈሪ አካባቢ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። ጡረታ እንደወጡ ከጥሪታቸው ላይ አውጥተው በሸዋ ቤንች ቆላማ ቀበሌ ከአንድ የቀድሞ ወዳጃቸው ጋር የቡና ሥራ ጀመሩ። ወዳጃቸው መሬቱን፣ እሳቸው ገንዘቡንና ጉልበቱን ይዘው ነው። መስከረም ላይ ወርደው ማሳው ዳር በተሠራች የሳር ጎጆ ሦስት ሳምንት አደሩ። አጎበር አልያዙም ነበር። «ውኃውን የጠጣሁት አገር ነው፤ ወባዋም ታውቀኛለች» ብለው ነበር የሄዱት።

አዲስ አበባ በተመለሱ በዘጠነኛው ቀን ትኩሳትና ራስ ምታት ያዛቸው። ሰፈራቸው ካለ ክሊኒክ ሄዱ። የት እንደነበሩ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። እንደተለመደው ታይፎይድ ተባለና መድኃኒት ተሰጣቸው። አምስተኛው ቀን ላይ ልጃቸው ደግፋ ወደ እኛ ስታመጣቸው ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሽንታቸው ጠቁሯል፣ የልጃቸውንም ስም ያሳስቱ ነበር። ደማቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፋረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነበር። አርቴሱኔት በደም ሥራቸው ተሰጥቷቸው ተረፉ፤ ኩላሊታቸው ግን እስካሁን ክትትል ይፈልጋል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሆስፒታል ሲወጡ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ልጄ፣ መሬቱን ልተወው?»

«ጋሼ፣ መሬቱን አይተዉ፤ ማደሪያዎን ይቀይሩ» አልኳቸው። ይህን መልስ ለእናንተም ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

በመጀመሪያ «ወባዋ ታውቀኛለች» የሚለውን እንመልከት። በወባማ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነት በተደጋጋሚ ከመያዙ የተነሳ ከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል። ይህ አቅም ግን እንደ ክትባት የሚቆይ አይደለም። ሰውየው አካባቢውን ለቆ ደጋ ሲኖር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተመናመነ ይሄዳል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመለስ መምህር ለወባዋ ባዳ ነው፤ በዚያ ላይ አርጅቷል። ዕድሜ ሲገፋ ወባ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት የመዛመት ዕድሏ ይጨምራል። ወደ ቆላ የወረደ ደገኛ ምን እንደሚያገኘው አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራለች። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ወደ መተከል፣ ጋምቤላና ሌሎች ቆላዎች ከሰፈሩት ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹን ወባ ቀጥፋለች።

ወባ ከፍታ ታውቃለች። ምክንያቱ ሙቀት ነው። ትንኟ የታመመ ሰው ደም ከመጠጠች በኋላ ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። አየሩ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን አሥር ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ 20 ዲግሪ ሲሆን ግን አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። አብዛኞቹ ትንኞች ያን ያህል አይቆዩም። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ከዚያም አለፍ ብሎ ስለሚቀንስ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ ወንዝ ዳር ያለው ማሳና ከላይ ጉብታው ላይ ያለው መንደር በወባ ረገድ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ በጥቅሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ያለው ምድር ለወባ የተጋለጠ ይባላል። ሚዛን ተፈሪም ቴፒም ከዚህ መስመር በታች ናቸው። ስለዚህ «ከተማ ነው የማድረው» ማለት ብቻውን አያድንም። መስመሩም ቢሆን አጥር አይደለም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ ወረርሽኙ 2 ሺህ ሜትር ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ተገምቷል።

ከፍታ መለኪያ ከሌለዎት (ስልክዎ ላይ ሊኖር ይችላል) የጓሮውን ተክል ይመልከቱ። ማንጎና ፓፓያ በደንብ የሚያፈራበት ቦታ ሞቃት ነው። እንሰቱ እየበዛ፣ ሌሊት ጋቢ እየተፈለገ ሲሄድ ወደ ላይ ወጥተዋል። አያቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል። የደጋው ገበሬ ቆላ ወርዶ አርሶ፣ አርሞና አጭዶ ሲመሽ ወደ ሽቅብ ወጥቶ ያድር ነበር። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜዋ ነው ቢባል ብዙም አያሳስትም። ገበሬው በዚያ ሰዓት ማሳው ላይ የለም። ለጡረተኛ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይመቻል፤ በየሌሊቱ ማሳ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውምና።

ስለዚህ ማሳውን ለቡናው ይምረጡ፤ መኝታውን ለራስዎ። የግድ አንድ ቦታ መሆን የለባቸውም። በእግር አንድ ሰዓት፣ በባጃጅ ወይም በሞተር ሳይክል ሃያ ደቂቃ ቢራራቁ ይሻላል።

ከፍ ያለ ቦታ ካላገኙ የቤቱ አቀማመጥ የግድ ይታሰብበት። ረግረግ፣ ለጡብ ወይም ለምርጊት አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ፣ ከብት የረገጠው የወንዝ ዳር ኩሬ ካለ ከዚያ ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ይራቁ። ብዙዎች የማያውቁት ነገር በቆሎ ነው። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች በቆሎ በብዛት ከሚዘራበት መንደር ጋር የወባ መጨመር መገናኘቱን አሳይተዋል፤ የበቆሎው አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲያርፍ ለትንኟ እጭ ጥሩ ምግብ ይሆናል። በቆሎዎን ራቅ አድርገው ይዝሩ፤ ከቤቱ ጥግ ጎመንና ዝንጅብል ይብቃ።

የውኃው ነገር በቡና አገር የራሱ ጣጣ አለው። የእሸት ቡና መፈልፈያና ማጠቢያ ጣቢያ ከመስከረም ጀምሮ ሥራ ሲበዛበት ልጋጉና ፍሳሹ ወንዝ ይገባል። በጅማ አካባቢ በተደረገ ጥናት ከጣቢያ በታች የሚኖሩ ሰዎች የቆዳ ማሳከክ፣ የዓይን ማቃጠልና የሆድ ሕመም እንደሚገጥማቸው ተናግረዋል። እንግዲህ የሚጠጡት ውኃ ከጣቢያው በላይ ይሁን በታች በእግርዎ ሄደው ያረጋግጡ። ሻጭ አይነግርዎትም።

ሻጭ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። መሬት በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጁም (ቁጥር 1324/2016) የሚያውቀው ኪራይን፣ ውርስንና መሰል መብቶችን ነው። ይህ የሐኪም ሥራ አይደለም። ነገር ግን «ሸጥኩልህ» በተባለ ወረቀት ጥሪታቸውን አጥተው ደም ግፊታቸው 200 ገብቶ የመጡ ሰዎችን እኛ ነን የምንቀበለው። ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሳይሄዱ ብር አይክፈሉ።

አሁን ደግሞ ከስልሳ በላይ ለሆናችሁ የተለየ ጉዳይ። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ታሪክ ያለው አካባቢ ነው። በ1953 እና በተከታዮቹ ዓመታት በኦሞ ተፋሰስና ዙሪያው የተነሳው ወረርሽኝ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ስሟ ወባ ይባል እንጂ የምታመጣው ቫይረስ ነው፤ የወባ መድኃኒት አይነካትም። መከላከያዋ ክትባት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ይባላል። ችግሩ ዕድሜው 60 ያለፈ ሰው ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስድ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከወጣት ከፍ ማለቱ ነው። እንግዲህ በ55 ዓመትዎ ስለ ቡና ማሳ የሚያልሙ ከሆነ ክትባቱን አሁኑኑ ያስቡበት። 60 ካለፉ ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ አይወጉ።

ደም ግፊት ያለባችሁ፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛ ክኒን የምትወስዱ፣ የቆላ ሙቀት መድኃኒታችሁን ያጎላዋል። አዲስ አበባ ልክ የነበረው መጠን እዚያ ከወንበር ስትነሱ ሊያዞራችሁ ይችላል። እርጥበቱ ደግሞ ላባችሁ ቶሎ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ ሰውነት በሚገባ አይቀዘቅዝም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ በጧትና በሠርክ ብቻ ይሁን፤ ግፊታችሁንም አዘውትራችሁ ተለኩ። ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ያልተከፈተው ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በእርጥብ ሸክላ ማቀዝቀዝ በደረቁ አፋር ጥሩ ይሠራል፤ እንደ ቴፒ ባለ እርጥብ አየር ግን ውኃው ስለማይተን ብዙም አይረዳም። መብራት የማይኖርበት ጎጆ ለኢንሱሊን ተጠቃሚ መኖሪያ አይሆንም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ።

በፍጥነት የሚወርድ ወንዝ አጠገብ ጥቁር ዝንብ ትራባለች። ኦንኮሰርካይሲስ የሚባለውን፣ ቆዳ የሚያሳክክና ዓይን የሚጎዳ በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። በ1993 ዓ.ም. ከካፋና ሸካ የተጀመረው የአይቨርሜክቲን እደላ በአካባቢው ይሰጣል፤ ነዋሪ ከሆኑ «እንግዳ ነኝ» ብለው አይለፉት። በቀይ አፈር ላይም ባዶ እግር አይሂዱ።

የመጨረሻው መስፈርት ርቀት ነው። ከጎጆዎ እስከ ጤና ኬላው ስንት ደቂቃ ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወባን በጣት ጠብታ ደም መርምረው ኮአርተም ይሰጣሉ፤ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ከደረሱ ብዙው መከራ ይቀራል። ከበድ ሲል ሚዛን አማን ላይ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ጥያቄው በክረምት፣ ሌሊት፣ መንገዱ ጭቃ ሲሆን እዚያ ይደርሳሉ ወይ ነው። ብዙ ሰው መሬት የሚያየው በጥር፣ ለጥምቀት ሲሄድ ነው። ያኔ ሁሉም ያምራል። እርስዎ ግን በመስከረምና በኅዳር መካከል ሄደው፣ አጎበር ይዘው፣ ሐኪምዎን ስለ መከላከያ መድኃኒት ጠይቀው ሁለት ሳምንት ይደሩ። የጤና መድንዎንም በአዲሱ ቀበሌ እንዴት እንደሚጠቀሙበት አስቀድመው ይጠይቁ።

ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዘዎት፣ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም የመጀመሪያ ቃልዎ «ቆላ ነበርኩ» ይሁን። ፋልሲፋረም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይነሳል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

መምህሩ ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። ከማሳው በላይ፣ እንሰት የበዛበት መንደር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ጧት ወርደው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይመለሳሉ። ቡናው ቀልቷል፤ ዝንጀሮ አስቸግሯል። ሌሊት ማን እንደሚጠብቅ ጠየቅኳቸው። ከደጋ የመጣ አንድ ወጣት ቀጥረዋል።

«አጎበር ሰቅዬለታለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው ውጭ እሳት ዳር የሚቀመጠው?»

ትንሽ ዝም አሉ። «እሱን አልጠየቅኩትም» አሉ። «ነገ እጠይቀዋለሁ።»