ስለ ወጣቶችና ስለ መጠጥ፤ ጎረቤትና ዕድር ሊያደርጉት ስለሚችሉት ጥበቃ

በአገራችን ጠላና ጠጅ የበዓል፥ የሠርግና የማኅበር መጠጦች መሆናቸው የታወቀ ነው። ጠላ ከብቅል፥ ከአሻሮና ከጌሾ ይጠመቃል፤ ጠጅም ከማርና ከጌሾ ይጣላል። አረቄ ግን ከእነዚህ ይለያል። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ያህል አልኮል ሲኖረው፥ ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ ከ40 እጅ በላይ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በበዓል ቀን ጠላ እየቀመሰ ያደገ ልጅ አረቄ ቤት ሲገባ፥ የሚጠጣው ነገር ሌላ መሆኑን የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመጀመሪያ ያስታወስነው የራሳችንን ልጅነት ነው። እንግዳ በመጣ ጊዜ ጠርሙስ ተሰጥቶን ወደ ጎረቤት እንላክ ነበር። ተላላኪው ልጅ ቤቱን ያውቃል፤ ሻጪቱም ልጁን ታውቀዋለች። በ10 ዓመቱ ለአባቱ የገዛ ልጅ በ15 ዓመቱ ለራሱ ሊገዛ ሲመጣ፥ «ለማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

በልጅነት የተጀመረ መጠጥ የበለጠ የሚጎዳበት ምክንያት አለ። የሰው አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን አይጨርስም፤ ከሁሉም በኋላ የሚበስለው ፍላጎትን የሚገታው ክፍል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት ከጀመሩት መካከል ከመቶ 40 ያህሉ በሕይወታቸው ዘመን በመጠጥ ሱስ ሲያዙ፥ በ20 ዓመታቸውና ከዚያ በኋላ ከጀመሩት ግን ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ተይዘዋል። ከዚህም ጋር ጫት አለ። ተማሪው ለፈተና ነቅቶ ለማደር ይቅማል፤ ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣው ደግሞ እርሱን ለመስበር ይጠጣል። ይህንንም «ጨብሲ» ይሉታል። እንዲህ እየሆነ አንዱ ሱስ ሁለተኛውን ይጠራዋል።

መንግሥት በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያም በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር አግዷል። አዋጁ መልካም ነው። ነገር ግን ተቈጣጣሪ ፈቃድ ያለውን ቡና ቤት ቢጎበኝ እንኳ፥ ምልክቷ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ብቻ የሆነችውን ጠላ ቤት ሁሉ ሊያዳርስ አይችልም።

ታዲያ ጎረቤቶች ተሰብስበው እንዲህ ያለውን ቤት ለምን አያስዘጉም? ነገሩ ቀላል አይደለም። ሻጪቱ ብዙ ጊዜ በዚያው ገቢ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። እርሷም የዕድሩ አባል ናት፤ በኀዘናችን ቀን ድንኳናችን ውስጥ የምትቀመጥ ጎረቤታችን ናት። የአንዱን ልጅ ለማዳን የእርሷን ልጆች ማስራብ ፍርድ አይሆንም።

በዚህ ረገድ የአይስላንድ ሕዝብ ያደረገው ሥራ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያ አገር ከነበሩት የ15ና የ16 ዓመት ተማሪዎች ከመቶ 42ቱ ባለፈው ወር ሰክረው እንደ ነበር ተናግረዋል። በ2016 የዚህ ቍጥር ከመቶ ወደ 5 ወርዷል። ወላጆች በማታ በተራ በተራ እየሆኑ በየመንደሩ ይዞሩ ነበር፤ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችም በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻቸውን ውጭ እንዳይቈዩ በሕግ ተወሰነ፤ ለስፖርትና ለሙዚቃም የሕዝብ ገንዘብ ተመደበ። ይኸውም ልጁን «አትጠጣ» ብቻ ከማለት ይልቅ የሚውልበትን ቦታና የሚጠብቀውን ዐይን መስጠት ነው።

እኛ የአይስላንድ ሀብት የለንም፤ ዕድር ግን አለን። ዕድር ደንብ፥ ዳኛ፥ ጸሐፊና መቀጫ ያለው ማኅበር ነው። ለቀብር ቢቋቋምም፥ የኤች አይ ቪ በሽታ በበረታበት ዘመን አያሌ ዕድሮች በሽተኞችንና ወላጅ የሞቱባቸውን ልጆች ረድተዋል። እንግዲህ ደንቡ ሊሰፋ የሚችል መሆኑ በሥራ ታይቷል ማለት ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት አንድ ዕድር ሦስት ነገሮችን ሊወስን ይችላል። አንደኛ፥ ማንም አባል ልጅን መጠጥ ግዛ ብሎ እንዳይልክ፥ ለልጅም እንዳይሸጥ በመቀጫ ይከልክል። ሁለተኛ፥ ንግዷን ለመለወጥ ለምትፈልግ ሻጭ፥ እንጀራ ጋግራ ወይም ሌላ ነገር ሠርታ እንድትሸጥ፥ ከካዝናው ብድር ይስጣት። ሦስተኛ፥ የዕድሩን ቤትና ወንበር ከትምህርት በኋላ ለሚያነቡና ለሚጫወቱ ልጆች ይክፈት፤ በድግስም ላይ ለልጆች ጠላ ሳይሆን ያልፈላ ብርዝ ይቅረብላቸው።

ከእነዚህ መካከል ብድሩ ገንዘብ፥ ቤቱም ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጊዜም ይወስዳል። የመጀመሪያው ግን ምንም ወጪ የለውም። ጠርሙሱን የሚፈልገው ሰው ራሱ ይዞት ይሂድ።