ሬንጅ የተቀባ ዛፍ ይድናል?

በሰኮሩና በጅማ ዙሪያ ብዙው ቡና የሚያድገው በሳሳ፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው። ዝናብ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር ሲመጣ ታዲያ ቅርንጫፍ ይገነጠላል፤ ሲወርድም የግንዱን ቅርፊት እንደ ጠፍር ልጦ ይዞት ይሄዳል። ወዲያው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ ቁስሉን ጭቃ ምረጉት፣ ሬንጅ ወይም ቀለም ቀቡት፣ አለበለዚያ ይበሰብሳል። ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል፤ ዛፍን ግን እንደ ሰው ቆዳ ያያል። ዛፍ የሞተ እንጨቱን በአዲስ አይተካም። የተጎዳውን ክፍል ከጤነኛው ለይቶ ከውስጥ ያጥረዋል፤ ከዳር ደግሞ አዲስ እንጨት እያበቀለ ይሸፍነዋል። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ይህን ያስረዳው ብዙ ግንዶችን በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጣቸውን በማየት ነው። ሬንጅ ይህን አጥር አያጠናክርም፤ ሲሰነጠቅም እርጥበት አፍኖ ለሻጋታ ይመቻል።

የዛፉን ዕድል የሚወስነው መጋዙ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ላይ አበጥ ያለ፣ የተሸበሸበ አንገት አለ። አንገቱ ከግንዱ እኩል ተልጦ ከተቆረጠ ዛፉ መከላከያውን ያጣል፤ ረጅም ጉቶ ከቀረም ብስባሹ በዚያው ይገባል። ስለዚህ ከአንገቱ ወጣ ብሎ መጀመሪያ ከሥር በከፊል መቁረጥ፣ ቀጥሎ ከላይ ቆርጦ ክብደቱን መጣል፣ በመጨረሻ የቀረውን ከአንገቱ አጠገብ ማጥራት ይሻላል። ከሥር የሚደረገው የመጀመሪያ ቆረጣ ከተዘለለ ቅርንጫፉ በክብደቱ ቅርፊቱን እንደገና ይልጣል።

«ቡናስ ተጎንድሎ ያቆጠቁጥ የለም? ጥላ ዛፉም ከአናቱ ይቆረጥ» የሚል ክርክር ይነሳል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቡና ሲጎነደል ግን ያረጀው ግንድ ወደ መሬት ተጠግቶ ይቆረጣል፤ አዲሱ ቡቃያም ከዝቅተኛና ጤነኛ ጉቶ ላይ ይነሳል። አናቱ የተቆረጠ ዋንዛ የሚያወጣው ቡቃያ ከፍ ብሎ፣ በሚበሰብስ ጫፍ ዳር፣ በስስ እንጨት ተይዞ ይንጠለጠላል። ሲከብድ በሌላ ነፋስ ቡናው ላይ ይወድቃል። ሥሩ ተነስቶ፣ አፈሩም ተሰንጥቆ ያዘነበለ ትልቅ ዛፍ ከሆነ ግን ከነጭራሹ ማስወገዱ ይበጃል።

ሌላው ተቃውሞ ቡናን የሚያደርቀው በሽታ በቁስል ይገባልና የዛፉም ቁስል ይሸፈን የሚለው ነው። በቁስል መግባቱ እውነት ነው፤ በሽታው ግን የቡናው እንጂ የጥላ ዛፉ አይደለም፤ ከታመመ ቡና ወደ ጤነኛው ከሚያሻግሩት አንዱም ገጀራው ነው። በወደቀው ቅርንጫፍ የተጎዳውን ቡና ከማጥራት በፊት ስለቱን በአልኮል ወይም በእሳት ማጽዳት፣ የደረቀውን የቡና እግር ደግሞ ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ያስፈልጋል።