ራዲያተር ዳገት ላይ

ከመርሳ ፍራፍሬ የጫነ አይሱዙ ወልዲያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ጉዞው በድልብ ወደ ጋሸና ከቀጠለ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ የሹፌሩ ዓይን ከመንገዱ ቀጥሎ የሚያርፈው ሙቀት መለኪያው ላይ ነው።

ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ሲሶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ፖምፓው ውሃውን በሞተሩ ውስጥ ያዞረዋል፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ ያልፋል። እዚያ በቀጫጭን ቱቦዎች ሲሄድ፣ በመካከላቸው የተጣጠፉት ስስ ብረቶች ሙቀቱን ተቀብለው ለነፋስ ያስረክባሉ። ነፋሱ ከታገደ ውሃው የቱንም ያህል ቢዞር ዋጋ የለውም።

ዳገት ደግሞ ነፋሱን ይቀማል። መኪናው ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ሲያዘግም ከፊት የሚመጣው አየር ያንስና ሸክሙ ሁሉ ቬንትሌተሩ ላይ ይወድቃል። ልምድ ያለው ሹፌር ሞተሩ ሳያቃስት ማርሽ የሚቀንሰው ለዚህም ጭምር ነው፤ የሞተሩ ዙር ሲጨምር ፖምፓውም ቬንትሌተሩም ይፈጥናሉ። ከፍታውም ድርሻ አለው። 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ወልዲያ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ቬንትሌተር በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያስወጣው ሙቀት ያንሳል።

ቬንትሌተሩን የሚከበው ሽፋን ሲሰበር ብዙ ሰው ንቆ ይተወዋል። ያለ እሱ ግን ቬንትሌተሩ ከሞተሩ በኩል ያለውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የትንኝ፣ የአቧራና የገለባ ንጣፍም መንገዱን ይዘጋል፤ ሲታጠብ ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ካልተረጨ ቆሻሻው ይበልጥ ይጠቀጠቃል።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰውም የሚያወጣ የሚያወርደው ይኸንኑ የአየር ጉዳይ ነው። ራዲያተሩን ከፊት አድርጎ አየር ወደ ውስጥ ካስገባ ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዛል፤ የሞቀው አየር ግን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያርፋል። ከላይ አድርጎ ወደ ውጭ ካስወጣ ካርዱ ይገላገላል፤ ፕሮሰሰሩ ጥቂት ይሞቃል። አረፋ ወደ ላይ ስለሚሰበሰብ ፖምፓው በሁለቱም ከራዲያተሩ አናት ዝቅ ማለት አለበት። መካኒክም መኪናው ላይ ውሃ ሲሞላ አየሩን የሚያስወጣው ፖምፓው አረፋ እንዳይስብ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ወልዲያ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ግን ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ረዳቱ ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን ከከፈተ ግፊቱ ባንዴ ይለቅና የሚንፈቀፈቀው ውሃና እንፋሎት ፊትና እጅ ይልጣል። የላይኛው ቱቦ በርዶ፣ ሲጨመቅ እስኪላላ መጠበቅ ያስፈልጋል። ውሃውም የሚጨመረው ቀስ በቀስ ነው፤ በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ከወረደ ሊሰነጥቀው ይችላል።