በዓል በቀኑ፦ የባሕር ማዶ ጡረተኞችና የአገር ቤት በዓላት

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹን የአገር ቤት በዓላት ሁለት ጊዜ ያከብራሉ፤ አንዴ በዕለቱ፣ አንዴ ደግሞ በቀጣዩ ቅዳሜ ወይም እሑድ። ገና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ይውላል። ዕለቱ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሆነ ሠራተኛው ሥራ ላይ፣ ልጁም ትምህርት ቤት ነው፤ እንግዳ ተጠርቶ ቤቱ የሚደምቀው ቅዳሜ ነው። በዕለቱ ጠዋት ጾም ፈትተው ቡና የሚያፈሉት በአብዛኛው ጡረታ የወጡት ናቸው። በሰው አገር በዓል ቀኑን ሳይለቅ እንዲቆይ ያደረገው የእነርሱ ትርፍ ጊዜ ነው።

ጡረተኞቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በደርግ ዘመን ተሰደው፣ ብዙዎቹ በሱዳን በኩል አልፈው፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የገቡ ናቸው። ታክሲ ነድተው፣ መኪና ማቆሚያ ጠብቀው፣ በሆስፒታል ሠርተው ጡረታ ደርሰዋል። ቢያንስ 10 ዓመት ሠርቶ ግብር የከፈለ ሰው ከ62 ዓመቱ ጀምሮ የተቀነሰ ጡረታ ማግኘት ይችላል፤ በ1960 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱት ሙሉው የሚከፈለው በ67 ነው። ሁለተኞቹ የአሜሪካ ዜግነት ያገኙ ልጆቻቸው ያስመጧቸው ወላጆች ናቸው። ብዙዎቹ የመጡት የልጅ ልጅ ለማሳደግ ስለሆነ በአሜሪካ የሠሩበት ዘመን የላቸውም። ከእነርሱ መካከል መስፈርቱን የሚያሟሉት ዕድሜያቸው 65 ሲሞላ በመንግሥት ድጎማ ይኖራሉ።

ይህ ልዩነት በበዓል ሰሞን ጎልቶ ይታያል። በሥራው ጡረታ ያገኘ የአሜሪካ ዜጋ አገር ቤት ከርሞም ገንዘቡ አይቋረጥበትም። የድጎማው ተጠቃሚ ግን ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀናት ከቆየ ክፍያው ይቆማል፤ ሲመለስም እንደገና የሚጀምረው 30 ቀናት በአሜሪካ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ገናን አክብሮ ጥምቀትን የሚጠብቅ ሰው የመመለሻ ቀኑን ቆጥሮ ነው የሚሄደው። የአዛውንቶቹ የጤና መድን ሜዲኬርም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚሰጥ ሕክምና አይከፍልም። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በዓሉን እዚያው ባለበት ማክበርን የሚመርጠው በዚህ የተነሣ ነው።

ሁሉም በዓል እኩል አያስቸግርም። ፋሲካ ምንጊዜም እሑድ ስለሚውል ወጣቱም አዛውንቱም በአንድ ቀን ይገናኙበታል። እንቁጣጣሽ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ስለሚውል አሜሪካ የ2001ዱን ጥቃት ሰለባዎች ከምታስብበት ቀን ጋር ይገጥማል፤ ችቦው፣ ዘፈኑና የአበባው ሥጦታ ብዙ ጊዜ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ይሸጋገራል። ለመስቀል ደመራ ደግሞ ቦታና የእሳት ፈቃድ ያስፈልጋል። እንዲህም ሆኖ በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የሚያስቀድስ አይጠፋም፤ የሚበዛውም ባለ ነጭ ጸጉሩ ነው።

የበዓሉ ሥራ የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው። ጤፍ እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም፤ ዌይን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይዳሆ ማምረት ከጀመረ ወዲህ በአሜሪካ የበቀለ ጤፍ በየሱቁ ይገኛል። በርበሬና ኮረሪማ ግን አሁንም ከአገር ቤት በሻንጣ ይመጣሉ። የሚያስቸግረው ዶሮው ነው። የሱፐርማርኬቱ ጫጩት ቶሎ ስለሚበስል ሥጋው ከአጥንቱ እየለቀቀ ድስት ውስጥ ይፈርሳል። ባለሙያ እናቶች ለዚህ ሲሉ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ያፈላልጋሉ። ዶሮዋ በ12 ብልት ትገነጠላለች፤ በሎሚና በጨው ተደጋግማ ትታጠባለች። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ሲቁላላ፣ በርበሬው ገብቶ ሲበስል ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከሥራ ወጥቶ የመጣ ሰው ይህን ጊዜ ከየት ያመጣል? ብዙ ቤት በበዓል የሚበላው ዶሮ ወጥ ከእናት ወይም ከአያት ቤት በዕቃ ተሞልቶ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ቡናውም የራሱ ጣጣ አለው። አዛውንቶች በሚኖሩባቸው የአፓርታማ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል ተተክሏል። ቡናው የሚቆላው መስኮት ተከፍቶ፣ የምድጃው አየር ማውጫ ተከፍቶ ነው፤ እጣኑም በትንሹ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨሳል። ቄጤማ ካልተገኘ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ይነጠፋል። ጎረቤት ግን አይታጣም። በአንድ ሕንፃ ጥቂት ሐበሾች ካሉ ተጠራርተው ቡና ይጣጣሉ፤ የሌላ አገር ሽማግሌም ሽታው ስቦት ጎራ ይላል።

የፋሲካ ሌሊት የስልክ ሌሊት ነው። በዚያ ወቅት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። አገር ቤት ቅዳሴ ወጥቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሲፈሰክ፣ በዋሽንግተን ገና የቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ጡረተኛው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነሣ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ጥሪ ይደርሰዋል፤ እርሱ ግን ጾሙ ገና አልተፈታም።

በሌሎች አገሮች ሁኔታው ይለያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ በአብዛኛው ከሥራ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እዚያው ጡረታ ወጥቶ የሚያረጅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በእስራኤል ደግሞ ቤተ እስራኤል በጎንደር ተራራ ላይ ወጥተው ያከብሩት የነበረው ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ ከየከተማው በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም ይመጣሉ፤ ቄሶች በጃንጥላ ሥር ቆመው ኦሪት ያነባሉ፤ ጾሙ ከሰዓት በኋላ ይፈታል። መንግሥት ለቀኑ ዕውቅና ስለሰጠው በዓሉ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ አልተገፋም።

የአሜሪካዎቹ አዛውንቶች እንዲህ ያለ ሕግ የላቸውም፤ ድጋፋቸው ልጆቻቸው ናቸው። ገና በበረዶ ወቅት ስለሚውል መኪና የማይነዳ ሽማግሌ አድራሽ ካላገኘ ቤቱ ይውላል። መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ጾም ሲገባም ሲፈታም ሐኪሙንና ንስሐ አባቱን ሊያማክር ይገባል። የቅዳሜው ግብዣ ጥሩ ነው፤ የዕለቱን ምሳ ግን አይተካም። ልጆች በዓመት አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ወስደው በዓሉን በቀኑ ከወላጆቻቸው ጋር ይዋሉ፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላም አጠገባቸው ቆመው ሙያውን ይማሩ። ዛሬ ያልተማረው ሙያ ነገ የሚያስተምረው ሰው አይኖረውም።