«በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?» ውጭ ሀገር ለሚማሩ ልጆች ይሄ የሕክምና ጥያቄ ነው



ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አዲስ አበባ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ከሠራሁ በኋላ አሁን ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ በምትባል ከተማ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ በኢንቦክስ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተቀይረዋል። ድሮ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ፀጉር መነቃቀል ነበር የምትጠይቁኝ። አሁን ከጀርመን፣ ከሀንጋሪ፣ ከቱርክ፣ ከቻይና የሚጽፉልኝ ተማሪዎች በዝተዋል። ጥያቄያቸውም ይመሳሰላል፦ «ዶክተር፣ ሁልጊዜ ይደክመኛል። ደም ተመርምሬ ምንም የለብህም ተባልኩ። ምን ቫይታሚን ልውሰድ?»

እኔ ደግሞ መልሼ «ቅዳሜና እሑድ ምን ታደርጋለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። አንዷማ «እኔ የጠየቅኩት ስለ ድካም ነው» ብላ ቆጣ ብላብኛለች። ለምን እንደምጠይቅ ዛሬ ላስረዳችሁ።

የድብርት ሕመም ምልክት ያለበትን ሰው ለመለየት ሐኪሞች የምንጠቀምበት በጣም አጭር መጠይቅ አለ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። አንደኛው «ባለፉት 2 ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ኀዘን፣ መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሃል?» ይላል። ሁለተኛው «ባለፉት 2 ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ያጣኸው ምን ያህል ጊዜ ነው?» የሚል ነው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፤ ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው በደንብ መታየት አለበት ማለት ነው። ይሄ ብቻውን «ድብርት አለብህ» አያሰኝም፣ በሩን ነው የሚከፍተው።

እንግዲህ እኔ እንደታዘብኩት እኛ ሀበሾች አንደኛውን ጥያቄ እናመልጠዋለን። «ተከፍተሃል ወይ?» ሲባል «ኧረ ተመስገን ነው፣ ምን ጎድሎብኝ!» ነው መልሱ። ስኮላርሺፕ አግኝቶ፣ ሰፈሩ በሙሉ መርቆ የሸኘው ልጅ ተከፋሁ ማለት ነውር ይመስለዋል። ሁለተኛውን ግን ማምለጥ ከባድ ነው። ኳስ ትጫወት ነበር፣ አሁን ትጫወታለህ? ምግብ መሥራት ትወጂ ነበር፣ አሁንስ? እዚህ ላይ ሰው ዝም ይላል። በሆቢ ሰበብ የምጠይቀው ይሄንን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። (እሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ ስሙንም የሚማረውንም ትቼዋለሁ።) ከእኔ ሕንፃ ማዶ የሚኖር የሀገሬ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሻንጣው ኪሎ አልፎ፣ ከሽሮና ከበርበሬው ቀንሶ ክራር ይዞ የመጣ ልጅ ነው። እናቱ «ክራር ይበላል እንዴ?» ብለውት ነበር። መስከረም ላይ በየማታው የጋራ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ይጫወት ነበር። ጎረቤቱ የሆነች ቻይናዊት ተማሪ ባቲን ከአንቺሆዬ መለየት ጀምራ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ክፍሉ ስገባ ክራሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ክራሩ ላይ ደግሞ እርጥብ ጃኬት ተሰቅሏል። «ምነው ተውከው?» ስለው «ጊዜ የለም ባክህ» አለኝ። ግን ጊዜ ነበረው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ አልጋው ላይ ተጋድሞ ቲክቶክ ያያል፣ ጠዋት ትምህርት ያመልጠዋል፣ ማታ ማታ ፓስታ በስጎ ይበላል፣ ጋብዘነው ይቀራል። ማንም ያልጠረጠረው ለምን መሰላችሁ? ውጤቱ ጥሩ ነበር! አሳይመንቱን በሰዓቱ ያስገባል። ቤተሰብ ሲደውልለት «ትምህርት እንዴት ነው?» ይሉታል፣ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ስልኩ ይዘጋል።

እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ጠየቅኩት። ለመጀመሪያው «ኧረ ደህና ነኝ» አለ። ለሁለተኛው ትንሽ ቆይቶ «ምንም ነገር አይጥመኝም። ክራሩን ሳነሳው እንጨት ነው» አለኝ። በዚያው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ወደሚያዘጋጀው የተማሪዎች ጤና አገልግሎት አብረን ሄድን። አብረን ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ «ሂድና ታይ» ማለትና ጃኬት ለብሶ አብሮ መውጣት አንድ አይደለም።

አሁን ስለ ከተማዋ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም አካባቢውም በሽታው ውስጥ ድርሻ አለው። ኡፕሳላ ያለችው በ60 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ በ9። እኛ ሀገር ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እዚህ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ትወጣና 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ 6 ሰዓት የማይሞላ ቀን ማለት ነው። ደመና ካለ ደግሞ እሷም የለችም። ጨለማ ተነስተህ ክፍል ትገባለህ፣ ጨለማ ውስጥ ትወጣለህ።

የሰውነታችንን ሰዓት የሚሞላው ዋናው ነገር የጠዋት ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሲያንስ የእንቅልፍ ሰዓት ይዛነፋል፣ ስሜትም ይወርዳል። በክረምት እየመጣ በበጋ የሚሄድ የድብርት ዓይነት በሕክምናው መጽሔት ላይ በስም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ኖርማን ሮዘንታል የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ናቸው የጻፉት። ሮዘንታል ራሱ ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው፤ ክረምቱ እንዴት እንደሚከብድ በራሱ አይቶታል። የዚህኛው ድብርት ምልክት ትንሽ ለየት ይላል። ሰውየው እንቅልፍ ከማጣት ይልቅ ብዙ ይተኛል፣ ዳቦና ጣፋጭ ያምረዋል፣ ይወፍራል፣ ከሰው ይሸሻል። ስለዚህ ቤተሰብ በቪዲዮ አይቶት «ፊትህ ሞላ ብሏል፣ ተስማምቶሃል!» ይለዋል።

ወደ ልጁ ሕክምና ልመለስ። መድኃኒት አልተሰጠውም፤ ለሚያስፈልገው ሰው መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ ሱስም አያስይዝም፣ ለእሱ ግን ደረጃው መለስተኛ ስለነበር በንግግር ሕክምና ጀመሩለት። የመጀመሪያው የቤት ሥራ ምን ይመስላችኋል? ማክሰኞና ቅዳሜ፣ 10 ደቂቃ ክራር። ደስ ቢለውም ባይለውም።

ይሄ የታወቀ የሕክምና ዘዴ ነው። አብዛኞቻችን «ስሜቴ ሲመለስ እጀምራለሁ» ብለን እንጠብቃለን። በድብርት ጊዜ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ትሠራለህ፣ ስሜቱ ዘግይቶ ይከተላል። ስለዚህ ነገሩ በሰዓት ይታሰራል እንጂ በፍላጎት አይታሰርም። መጠኑም ትንሽ መሆን አለበት። «በሳምንት 5 ቀን ጂም» ብሎ የጀመረ በ2ኛው ሳምንት ይተወውና «ይኸው እኔ ምንም አይሳካልኝም» የሚል ተጨማሪ ማስረጃ ያገኛል።

ሁለተኛው ቁም ነገር፣ ብትቀር የሚፈልግህ ሰው ያለበት ነገር ምረጥ። ፊልም ማየትም፣ ጌም መጫወትም መዝናኛ ነው፣ አልቃወምም። ግን ከቀረህ ማንም አይደውልም። ኡፕሳላ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1477 የተመሠረተ ነው፤ ለዘመናት ተማሪዎቹ በየመጡበት የሀገሪቱ ክፍል ተሰባስበው ያቋቋሟቸው «ኔሽን» የሚባሉ 13 ማኅበራት አሉ። የእኛን የአገር ልጆች ማኅበር አስቡት። ዛሬ ግን የፈለገ ሰው የፈለገው ውስጥ ይገባል። መዘምራን አላቸው፣ ቲያትር አላቸው፣ የስፖርት ቡድን አላቸው፣ ካፌውን የሚያንቀሳቅሱትም ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

እኔ ሐሙስ ሐሙስ ካፌ ውስጥ ዕቃ አጥባለሁ። አትሳቁ! መጀመሪያ የሩጫ ቡድን ውስጥ ሊያስገቡኝ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትል ሁሉም እግርህን ነው የሚያየው፣ እኔ ደግሞ አውቶቡስ ለመያዝ እንኳ አልሮጥም። ዕቃ ማጠብ ቋንቋ አይፈልግም፣ እጅህ ይሠራል፣ አጠገብህ የቆመው ሰው ያወራሃል። አንድ ሐሙስ ጉንፋን ይዞኝ ስቀር ሦስት ሰው ጽፎልኛል። ከመጣሁ ጀምሮ ካገኘሁት መድኃኒት ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል።

ፍሎግስታ የሚባል የተማሪዎች ሰፈርም አለ። እዚያ በየምሽቱ ልክ በእኛ 4 ሰዓት ላይ ተማሪዎች መስኮት ከፍተው ወደ ጨለማው ይጮኻሉ። በቃ፣ ጩኸት ብቻ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን አደጋ የደረሰ መስሎኝ ነበር። ሕክምናዊ ጥቅሙን በማስረጃ ልነግራችሁ አልችልም፤ ግን «እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚያሰኝ ነገር አለው።

የቤተሰብ ጉዳይ ሳልነካ አላልፍም። እናቶቻችን ከቅዳሴ መልስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይደውላሉ፤ በክረምት እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። እሱስ ይሁን፣ ድምፃቸው ራሱ መድኃኒት ነው። የሚከብደው «ውጭ ሆነህ እንዴት ብር ታጣለህ?» የሚለው ነው። ማታ በብስክሌት ምግብ የሚያደርስ፣ ንጋት ላይ ቢሮ የሚያጸዳ ተማሪ ብዙ ነው፤ ከደመወዙ ላይ የሚልከው ብር ቅዳሜውንና እንቅልፉን ይዞበት ይሄዳል። እባካችሁ ስትደውሉ ስለ ውጤትና ስለ ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ። «ዛሬ ከማን ጋር በላህ?» በሉት። «ከማንም» የሚለው መልስ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ጠጋ ብላችሁ አውሩት።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? የስሜት መውረድ ወይም የፍላጎት ማጣት ቀኑን አብዛኛውን ሰዓት፣ በአብዛኞቹ ቀናት፣ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ሂዱ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ ይመርመሩ። «አእምሮ ሐኪም» ሲባል አማኑኤል ብቻ ትዝ ብሎን የምንሸማቀቀውን ነገር እንተወው፤ የተማሪ ጤና አገልግሎት የሚሄደው ጤነኛ የሚመስለው የክፍል ጓደኛችሁም ነው። ስዊድን ላላችሁ 1177 ላይ ደውላችሁ ነርስ ማማከር ትችላላችሁ። ራስን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በመላው የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች 112 ይሠራል፣ ወይም ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ።

አሁን ሁላችሁም ወደምትጠብቁት ቫይታሚን ዲ እንምጣ። በእነዚህ ሰሜናዊ ሀገሮች ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይዋ ብትወጣም ቆዳችን ቫይታሚን ዲ ለመሥራት የሚበቃ ጨረር የላትም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ በጋም ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። የነቢያት ጾም የሚውለውም በዚሁ ከኅዳር 15 ጀምሮ ባለው ጨለማ ነው፤ ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት ወተትም፣ እንቁላልም ይቀራል። የምትጾሙ ልጆች የአጃ ወተት ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ቫይታሚን ዲና ቢ12 መጨመሩን አንብቡ። ለአብዛኛው አዋቂ በቀን 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም 400 ዩኒት፣ ይበቃል። ከሀገር ቤት የሚላከውን 50,000 ዩኒት እንክብል በየቀኑ የሚውጥ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ይሄ ደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ዩኒት አትለፉ። እጥረት ካለባችሁ ለአጥንትና ለጡንቻ ይጠቅማችኋል፣ ለብቸኝነት ግን አይሠራም።

ስለ ብርሃን መብራትም ጠይቃችሁኛል። 10,000 ሉክስ የሚለውን፣ ጠዋት እንደተነሳችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ቀጥታ ሳታፈጡበት። ባይፖላር ሕመም ወይም የዓይን በሽታ ካለባችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። መግዛት ካልቻላችሁ እኩለ ቀን ላይ ውጡና 30 ደቂቃ ተራመዱ፤ ደመናማው ሰማይ እንኳ ከክፍላችሁ አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በረዶው ያንሸራትታልና ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ጥርሳም ላስቲክ ግዙ፣ ከእጅ አንጓ ስብራት ይረክሳል። ቡናውንም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ተዉት፤ 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ግማሹ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው።

የክራሩ ልጅ አሁንም ክትትል ላይ ነው። ጃኬቱ ወርዷል፣ አንዳንድ ማክሰኞ ግን አሁንም ይዘልላል። ሳምንት ስለ እንቅልፍ ክኒኖች እጽፍላችኋለሁ፤ እስከዚያው ሰላም ሁኑ።